ጉድጓዱ ሳይበርድ

በቀኝ እጄ መዳፍ ላይ ሻካራ ጠባሳ አለ። የሚጨብጠኝ ሰው ሁሉ «ምን ሆነሽ ነው?» ይለኛል። «ባሌን ከሞት ያወጣሁበት ነው» ስል ይስቃሉ፤ ቀልድ ይመስላቸዋል። እናንተ ግን ጊዜ ካላችሁ ተቀመጡና ልንገራችሁ፤ ሳቁም ልቅሶውም የራሳችሁ ይሁን።

ዘሀራ እባላለሁ፤ ትውልዴ ወሎ ነው። በድርቁ ዘመን፣ ገና ልጅ ሳለሁ፣ ከእናቴ ጋር በሰፈራ መኪና ተጭነን አሶሳ ወረድን። እናቴ የመጀመሪያውን ክረምት አልተሻገረችም። ወባው ሰውን እንደ ቅጠል ያረግፈው ነበር፤ ቀባሪዎቹም ራሳቸው እየተንቀጠቀጡ ነበር የሚቀብሩት። እኔም ትኩሳት ጥሎኝ ራሴን ስቼ ስነቃ እናቴ የለችም። የት እንደቀበሯት ቁርጡን የነገረኝ የለም። አንዱ «ከዋርካው ማዶ ነው» ይለኛል፣ ሌላው «ከወንዙ ወዲህ ነው» ይለኛል። ፈልጌ ፈልጌ ሲሰለቸኝ ተውኩት።

ያደግሁት እዚሁ ነው፤ እንድሪስን ያገባሁትም እዚሁ ነው። የምነግራችሁ ነገር የሆነው ደርግ ወድቆ ክልሉ ገና በተቋቋመ ሰሞን ነበር። አሶሳ ከተማ አዲስ ባንዲራ፣ አዲስ ቢሮ፣ አዲስ ሹም ነበራት። ለአገሩ ተወላጆች፣ ለበርታ ጎረቤቶቻችን፣ የደስታ ጊዜ ነበር፤ ደስታውም ይገባቸዋል። እኛ ሰፋሪዎቹ ግን ሦስትና አራት ሆነን በተቀመጥን ቁጥር «ሊያስወጡን ነው» እንባባላለን። እነሱ በበኩላቸው «መሬታችንን ጠቅልለው ሊወስዱ ነው» ይላሉ። የሁለታችንም ፍርሃት አንድ መሬት ላይ ነበር።

ያ የምንፈራለት መሬት ደግሞ ደክሞ ነበር። ቀይ አፈር ነው፤ የአሶሳ ዝናብ ጨርሶ አጥቦታል። ማሽላው ከጉልበት ሳያልፍ ቢጫ ይሆናል፤ የተረፈውን አቀንጭራ የሚባለው አረም ይጨርሰዋል። አንድ ጥግ ላይ ብቻ ማሽላው ሰው ይውጥ ነበር። ድሮ ስንመጣ ቀርከሃ ተመንጥሮ የተቃጠለበትና አፈር ተንዶበት ከሰል ሆኖ የቀረ ቦታ ነው። ስቆፍረው አፈሩ ጥቁር ነው፤ ሌላው ማሳ ሲሰነጠቅ እሱ እርጥበቱን አይለቅም። እንድሪስን «ይሄን እኛ በእጃችን ለምን አንሠራውም?» አልኩት። አንድ የግብርና ሠራተኛም ሰምቶን «አጥንት ብትጨምሩበት ለአፈሩ ይበልጥ ጥሩ ነው» አለን። ባዮቻር የሚባለውን ስም የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ እኛ ዝም ብለን «ጥቁሩ አፈር» ነበር የምንለው።

አጥንቱን ለማግኘት አልተቸገርንም። ቦራ የሚባል በሬ ነበረን፤ ግንባሩ ነጭ፣ ግራ ቀንዱ ከመሃል የተሰበረ። የኛን ብቻ ሳይሆን የጎረቤታችንን የእማ ሀዋን ማሳ ሁሉ ያረሰ በሬ ነው። እማ ሀዋ በርታ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ሙሳና ሀሩን የሚባሉ ሁለት ወንዶች ልጆች ያሏት ሴት። ቦራን ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ ገደለብን። አሞራና ውሻ ከጨረሰው ከብዙ ጊዜ በኋላ አጥንቱን ሰበሰብኩት፤ በገበያው ማረጃ ቦታ የተጣለውንም በጆንያ ጨመርኩበት። እንድሪስ ትልልቁን በመጥረቢያ ሰባበረው። የቦራ ራስ ላይ ሲደርስ ግን መጥረቢያውን አስቀመጠ።

«ይሄንን እንኳ እንዳለ እናስገባው» አለ። አንጀቱ አልቻለለትም።

ራሱን ከጉድጓዱ ስር አስቀመጥነው። በላዩ የተሰባበረውን አጥንትና ደረቅ ቀርከሃ ደርድረን ለኮስነው። ነበልባሉ ሲያይል በእርጥብ ቅጠል ከደንነው፣ በቅጠሉ ላይ አፈር መለስን፣ ጭስ የሚሾልክበትን ቀዳዳ ሁሉ ደፈንን። ከዚያ ወዲያ ሥራው መጠበቅ ብቻ ነው። አየር ካልገባው ከሰል ይሆናል፤ አየር ከገባው አመድ ይሆናል።

አሁን ጉዱን ስሙ። ጉድጓዱን የቆፈርነው በኛና በእማ ሀዋ ማሳ ድንበር ላይ ነበር። ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ እንድሪስ ከታናሹ ልጇ ከሀሩን ጋር በዚያው ድንበር ተጣልቷል። እንድሪስ ዝምተኛ ነው፤ ዝምተኛ ሰው ደግሞ ሲቆጣ ልኩን አያውቅም። ሰው ሁሉ እየሰማ «ሁለተኛ እግርህ ይቺን ድንበር ቢረግጥ እዚችው ነው የምቀብርህ!» አለው። እኛ ዘንድ ይሄ የንዴት ቃል ነው፤ ከአፍ ወጥቶ ነፋስ የሚወስደው። እናት ልጇን በቀን ስንቴ «እገድልሃለሁ» ትለው የለ? ሀሩን ግን አፍጥጦ አየውና ሄደ። ከዚያ ወዲያ ያየው ሰው አልነበረም። ባሌ ደግሞ መቆፈሪያውን ይዞ እዚያው ድንበር ላይ ጉድጓድ መቆፈር ጀመረ! ሁለቱን ነገር የሚያገናኝ ሰው ይኖራል ብለን እኔም እሱም አላሰብንም።

ጉድጓዱን በደፈንን ማግስት፣ ረፋድ ላይ፣ ቤት ውስጥ በቆሎ ስፈለፍል ከማሳው በኩል ጩኸት ሰማሁ። የእንድሪስ ድምፅ ነበር። ሰፌዱን ጥዬ በባዶ እግሬ ሮጥኩ።

ስደርስ ባሌ ማንጎው ግንድ ላይ ታስሯል። ከንፈሩ ደምቷል። የእማ ሀዋ ትልቁ ልጅ ሙሳ በአንድ እጁ መቆፈሪያ፣ በሌላው አንድ ጠቁሮ የተሰበረ አጥንት ይዟል። ከኋላው ወንድሙን ሲፈልጉ የሰነበቱ ጎረምሶች ቆመዋል። የመንደሩ ሽማግሌ ሼህ በሽር ደግሞ መቁጠሪያቸውን ጨብጠው መሃል ላይ ናቸው።

«ዘሀራ! ወንድም የኔ የት አለ?» አለኝ ሙሳ። ጎረቤቶቻችን አማርኛ ሲናገሩ ብዙዎቹ ሴቱንም ወንዱንም አንተ ነው የሚሉት፤ ለምጄዋለሁ። «አንተ ታውቃለህ! ይሄን አጥንት ውሻ ነው ከጉድጓድ ዳር ያወጣው። ሽታው ደግሞ አለ። የሚቃጠል ስጋ ነው የሚሸተው!»

ሽታው እውነት ነበር። አጥንት ሲነድ የሚሸተውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሌሊቱን ሁሉ በመንደሩ ላይ ሲዞር ነው ያደረው።

«የበሬ ነው! የቦራ ነው!» አልኩ።

«ቦራ የሞተው መቼ ነው? ዛሬ ለምን ቀበረ?»

«ለአፈሩ ነው። አፈሩን እንዲያበረታው ብለን ነው።»

ከጎረምሶቹ አንዱ ሳቀ፤ የሚያስደነግጥ ሳቅ ነበር። «አፈር አጥንት ይበላል?» አለ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔ ራሴ በሰው ጆሮ ስሰማው ውሸት መሰለኝ።

ሙሳ መቆፈሪያውን ከፍ አድርጎ ወደ ጉድጓዱ መጣ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ዘልዬ የተደፈነው አፈር ላይ ተደፋሁበት። ሙቀቱ በቀሚሴ ዘልቆ ሆዴ ላይ ተሰማኝ።

«አይከፈትም!» ብዬ ጮህኩ።

እስከዚያች ደቂቃ የሚጠራጠሩት ሁሉ ያኔ አመኑ። ምን እንዳልኩ የገባኝ ፊታቸውን ሳይ ነው።

«ዘሀራ፣ ተያቸው! ይክፈቱት!» አለ እንድሪስ ከታሰረበት።

«አንተ ዝም በል! ያንተ አፍ ነው እዚህ ያደረሰን!» አልኩት። እጁ ታስሮ፣ ከንፈሩ ደምቶ እያየሁት እንኳ መቆጣቴን አልተውኩም። እንዲህ ነኝ፤ ስፈራ እሳደባለሁ።

ሼህ በሽር ጎንበስ አሉ። «ልጄ፣ ንጹህ ከሆናችሁ መከፈቱን ለምን ትፈሪዋለሽ?»

«ሼህ፣ ውስጡ ገና ፍም ነው። አሁን አፈሩን ብታነሱት ነፋስ ገብቶ ይነዳል። አጥንቱ ነጭ ይሆንና በእጃችሁ ይፈርሳል። የሰው ይሁን የከብት ማን ይለየዋል? የቦራ ራስ ያለው ከስር ነው። እዚያ ሳትደርሱ የላይ የላዩን ስባሪ አይታችሁ ባሌን ትገድሉታላችሁ።»

«መቼ ነው የሚበርደው?»

«ነገ።»

«ነገ?» አለ ሙሳ። «ነገ አንተ የለህም! ሌሊት ትሄዳለህ! አጥንቱንም ትወስዳለህ!»

በዚህ መሃል ከመንገዱ በኩል ፉጨት ተሰማ። ቀና ስል የኛ ሰፈር ወንዶች ዱላና ገጀራ ይዘው እየመጡ ነው። አንደኛው ጠመንጃ አንግቷል። «እንድሪስን ፍቱት!» እያሉ ይጮኻሉ። የበርታ ጎረምሶችም ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። እውነት ለመናገር ከዚያ በፊት የፈራሁት ለባሌ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ግን አንዲት ድንጋይ ብትወረወር ከሁለቱም ወገን ስንት ሰው እንደሚወድቅ ታየኝ።

«ባላችሁበት ቁሙ! በአላህ ይዣችኋለሁ፣ እንዳትጠጉ!» አልኳቸው። ሼህ በሽርም መቁጠሪያቸውን ወደ ላይ ይዘው ሮጠው ከመሃል ቆሙ። እኚያ ሽማግሌ ሲሮጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ወንዶቹ ቆሙ፤ ዱላውን ግን ማንም መሬት አላስቀመጠም።

እማ ሀዋ የመጣችው ያኔ ነው። ቀስ ብላ፣ ማንንም ሳታይ፣ በጎረምሶቹ መሃል አለፈችና አጠገቤ ተቀመጠች። መዳፏን አፈሩ ላይ አሳረፈች።

«ይሞቃል» አለች። የተኛ ልጅ ግንባር የምትዳስስ ነበር የምትመስለው። «ዘሀራ፣ ልጅ የኔ እዚህ አለ?»

«የለም እማ። ወላሂ የለም።»

«እንዴት እኔ አምናለሁ?»

ምን ብዬ ላሳምናት? አምላክን ጠርቻለሁ፣ ምዬአለሁ፣ ጮኼአለሁ። የቀረኝ አንድ ነገር ነበር፤ ለሰው ተናግሬው የማላውቀው።

«እማ ሀዋ» አልኳት፤ «እኔ እናቴ የት እንደተቀበረች አላውቅም። እዚሁ አገር ነው ያለችው፤ ግን የት እንደሆነ አላውቅም። በማሳው ስሄድ ረግጫት ይሆን እላለሁ። ይህንን ለጠላቴ አልመኝም። ልጅሽ እዚህ ቢሆን ኖሮ ባሌም ይሁን ማንም ይሁን የቀበረው፣ በእጄ ቆፍሬ አወጣልሽ ነበር።»

ሁሉንም ቃሌን ሰምታው ይሁን አይሁን አላወቅሁም፤ ዓይኖቿ ግን ከዓይኖቼ አልተነሱም።

«ውሃ ቢፈስ?» አለች በመጨረሻ።

«ውሃ ፍሙን ይገድለዋል። ግን ትኩስ አጥንት ላይ በአንድ ጊዜ ከፈሰሰ ይሰነጥቀዋል። ከዳር ከዳር፣ በቀዳዳ፣ ቀስ እያለ ከሆነ… ምናልባት።»

ያ «ምናልባት» የባሌ ነፍስ ነበር። የቦራ ራስ ተሰነጣጥቆ ቢወጣስ? ያ የተሰበረ ቀንድ ተፍረክርኮ ቢቀርስ? እማ ሀዋ ግን ተነስታ በበርታኛ ወደ ሴቶቹ ተጣራች። ሙሳ ሊከራከራት ሞከረ፤ አንድ ቃል ተናገረችው፣ አፉን ዘጋ።

የበርታ ሴቶች ቅልና ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ ወንዙ ወረዱ። ጥቂት ቆይቶ የኛ ሰፈር ሴቶችም ዱላ በያዙ ባሎቻቸው መሃል እየተጋፉ መጥተው ተከተሏቸው። ማንም አላዘዛቸውም። ወንዶቹ ግራና ቀኝ ቆመው ሲፋጠጡ ሴቶቹ በመሃላቸው ውሃ ይዘው ይመላለሳሉ። ውሃ የተሸከመች ሴት የምትሄድበትን መንገድ በዱላ የሚዘጋ ወንድ አልነበረም።

በአፈሩ ዙሪያ ትንንሽ ቀዳዳ በሹል እንጨት ከፈትኩ። ውሃውን በጣሳ አስገባለሁ፣ አቆማለሁ፣ ደግሞ አስገባለሁ። ውስጡ ይንሿሿል። አንዴ እንፋሎቱ አፈሩን ገንጥሎ ሲወጣ ሰዉ ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ፤ አንዱ «ጂን!» ብሎ ጮኸ። እኔና እማ ሀዋ ከቦታችን አልተነቃነቅንም። እንፋሎቱ ፊቴን ገረፈኝ። ፀሐይዋ ከማንጎው ጥላ አልፋ እንድሪስ ላይ ወጥታለች፤ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ይገባል፣ የሚጠርግበት እጅ የለውም። ሄጄ ልጠርግለት ብነሳ ጉድጓዱን የሚጠብቅልኝ የለም። ውሃ ማፍሰሴን ቀጠልኩ።

መንሿሿቱ ሲቆም «አሁን ክፈቱት» አልኩ። «ከላይ ወደ ታች፣ ቀስ እያላችሁ።»

ሙሳ አፈሩን አነሳ፣ ጥቁሩን ቅጠል ገለጠ። ከሰሉ እንፋሎት እየተፋ ታየ። መጀመሪያ የወጣው ቀርከሃ ነው። ቀጥሎ የጎድን ስባሪ። ቀጥሎ ሙሳ አንድ ረዘም ያለ የአጥንት ስባሪ ሳብ አድርጎ አወጣና ቆመ።

«እግር!» አለ። «የሰው እግር ነው!»

ሰዉ ጎረፈ። ከመንገዱ በኩል ያሉትም ተንቀሳቀሱ። ሼህ በሽር የሚሉትን የሚሰማ ጠፋ። እንድሪስን አየሁት፤ ዓይኑን ጨፍኖ «ላ ኢላሀ ኢለላህ» ይላል። ሲናገር ሳይሆን ሲሰናበት ነበር የመሰለኝ።

ያኔ ነው ጉድጓዱ ውስጥ የዘለልኩት። በመቆፈሪያ ብፈልግ እሰብረዋለሁ ብዬ በእጄ ገባሁበት። የላዩ በርዶ ነበር፤ ከስር ግን ውሃው ያልደረሰበት ፍም ነበረ። መዳፌ ሲቃጠል ሰማሁት፤ ሕመሙ የመጣው በኋላ ነው። ከሰሉን እየዛቅሁ ወደ ውጭ እወረውራለሁ። አንድ ክብ ነገር ነካሁ። ጣቴን በዓይኑ ጉድጓድ አስገብቼ ሳብኩት። እምቢ አለ። «ቦራ፣ ባክህ!» አልኩት። እውነቴን ነው፣ እንደ ሰው ለመንኩት። ወጣ።

ግንባሩ ላይ ስንጥቅ ነበረበት፤ ግን አልፈረሰም። ጥርሱ እንዳለ ነው። ቀኝ ቀንዱ ረጅም፣ ግራው ከመሃል የተሰበረ። ከጉድጓዱ ሳልወጣ ለእማ ሀዋ አቀበልኳት። በነጠላዋ ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችውና ያንን የተሰበረ ቀንድ በጣቷ ዳሰሰችው።

«ቦራ» አለች።

ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ በበርታኛ ለሰዉ ተናገረች። ቋንቋውን ያኔ ብዙም አልሰማም ነበር፤ ቦራ የሚለውን ስም ግን ደጋግማ ስትጠራ ሰማሁ። ማሳዋን ያረሰ በሬ ነው፤ እንዴት ትረሳዋለች? አጥንቱ ከሙሳ እጅ ወደቀ። ከመንገዱ ማዶ ዱላዎቹ አንድ በአንድ ዝቅ አሉ።

እማ ሀዋ አልሳቀችም፣ አልተደሰተችም። የበሬውን ራስ እንደታቀፈች «ታዲያ ሀሩን የት አለ?» ብላ አለቀሰች። እኔም በተቃጠለ እጄ አቅፌያት አብሬያት አለቀስኩ። ለሷ ነው ለእናቴ፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ሙሳ ባሌን ፈታው። ሁለቱ ተያዩ። እኔ እንድሪስ ይመታዋል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልዋሻችሁም፣ እኔ ብሆን እመታው ነበር። እንድሪስ ታስሮ የዋለ እጁን እያሸ «እስካሁን በየት በየት ፈለጋችሁት?» አለው።

«በገበያ። በዘመድ ቤት። በወንዝ።»

«ወርቅ ማጠቢያውስ?»

ሙሳ ራሱን ነቀነቀ።

«ና እንሂድ» አለው ባሌ። ያሰረውና የታሰረው ፀሐይ ሳትጠልቅ አብረው መንገድ ገቡ። ከንፈሩን እንኳ አልታጠበም ነበር።

ሀሩንን ከመንጌ ባሻገር ወርቅ ሲያጥብ አገኙት። እንድሪስ ላይ ተናዶ፣ እናቱ እንዳትከለክለው ሳይነግራት ነበር የሄደው። ሦስቱ ተከታትለው ሲመጡ እማ ሀዋ ልጇን መጀመሪያ በጥፊ መታችው፣ ከዚያ አቀፈችው። ነገሩን ሲነግሩት ሳቀ። ገመድ የበላውን የባሌን የእጅ አንጓ ሲያይ ግን ሳቁን አቆመ።

ይኸው ነው የኔ ገጠመኝ። ከዚያ በኋላ ምን ተለወጠ ካላችሁኝ፣ እኔ በመሃላ ማመን ተውኩ። ያን ቀን እውነት በእጄ ነበረች፤ ግን እውነት መያዝ ብቻውን አላዳነኝም። ያዳነኝ ልጇ የጠፋባት ሴት፣ ጥርጣሬዋን ሳትለቅ፣ ውሃ እስኪመጣ መታገሷ ነው። እናንተም ሰው ተከስሶ «ይከፈት! ይከፈት!» ሲባል ስትሰሙ፣ ከመጮኻችሁ በፊት እስኪ ውሃ አምጡ።

የዚያን ጉድጓድ ከሰል በሁለቱም ማሳ ላይ በትነነው ነበር። ያበቀለውን ማሽላ ያዩ ጎረቤቶች ተራ በተራ ጉድጓድ ቆፈሩ። በመንደራችን ግን አንድ ደንብ ገባ፤ ማንም ሰው ጎረቤቱን ጠርቶ ሳያሳይ ጉድጓድ አይደፍንም። የከብቱም ራስ ከስር አይቀመጥም፤ ከሁሉ በላይ ነው የሚቀመጠው፣ ቀንዱ እንዲታይ። ከሩቅ የሚመጡ ባለሙያዎች «ይሄ ለአፈሩ ምን ይጠቅማል?» ብለው ይጠይቁናል። ሀሩን ነው የሚመልስላቸው። ዛሬ ሽበት ወርሶታል፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ «እንድሪስ፣ እየኝ፣ እኔ እዚህ ነኝ! አሁን ድፈን!» ይላል። ባሌ እስከ ዛሬ ያፍራል።

እማ ሀዋ አርጅታ ነው የሞተችው። ገላዋን ካጠቡት ሴቶች አንዷ እኔ ነበርኩ፤ ሙሳ ራሱ መጥቶ ነው የጠራኝ። የእናቴን መቃብር እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የሀዋን ግን አውቀዋለሁ፤ ዒድ በደረሰ ቁጥር የሁለቱንም ዱዓ እዚያው አደርጋለሁ።